ስትነቃ የምትሰግደው ሕፃን

ከቀትር በኋላ ሞያሌ ታንጎላጃለች። ሐጂ ሰሊም በሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ የተንጠለጠሉት ሻሾች በነፋስ ቀስ ብለው ሲወዛወዙ እያዩ፣ መንቃታቸውም መተኛታቸውም አልለይ ብሏቸዋል። አጠገባቸው የልጃቸው የጣይባ ሕፃን፣ ዐፋፍ የምትባለው የሰባት ወር ልጅ ተኝታለች።

ናይሮቢ ሕክምና የምትማረው የጎረቤት ልጅ ኢክራን ለእረፍት መጥታ ኖሮ ሻሽ ልትገዛ ገባች። ሕፃኗም ነቃች። አንገቷ ድፍት አለ፤ ክንዶቿ ተዘረጉ፤ ወገቧ ታጠፈ። ጥቂት ቆይታ ደገመችው፤ ደጋገመችው።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ በሹክሹክታ። «አየሽ? በነቃች ቁጥር ትሰግዳለች። ከጎዶማ መንደር ድረስ እየመጡ ያዩዋታል።»

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስግደት አይደለም። በሕፃናት ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ የሚጥል በሽታ ነው።»

«አረፋ ደፍቃለች? ተንፈራግጣለች? ትናንት ከዚህ መደርደሪያ ከረሜላ ስትሰርቂ የነበርሽ ልጅ!»

«ሰርቄያለሁ፤ ቆንጥጠውኛልም። አሁን ተራው የኔ ነው። ስግደት ኒያ፣ የልብ ውጥን፣ ይፈልጋል ይላሉ፤ የሰባት ወር ሕፃን ምን ኒያ አላት? በዚህ ዕድሜ በሽታው መልኩ እንዲህ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ መጨረሻ የሳቀችው መቼ ነው?»

ይህን ጥያቄ መመለስ የማይችል ቤት ስንት ይሆን! አዋቂ ነን እንላለን፤ ልጅ ከዓይናችን ሥር ስትደበዝዝ ግን ከብበን እናደንቃለን።

ሐጂ በሐሳብ ጭልጥ አሉ። በዝናቡ ሰሞን ጢማቸውን ጨብጣ ስትንከተከት ታየቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዝምታ ብቻ።

«መስገድ ከጀመረች ወዲህ አልሳቀችም» አሉ። የገዛ ቃላቸው አስደነገጣቸው። «እኔ ቁም ነገረኛ የሆነች መስሎኝ ነበር።»

«እየራቀችን ነው፣ ሐጂ። በስልክ እንቅረጻት፤ ሐኪሙ በዓይኑ ይይ። የአንጎል ምርመራው ናይሮቢ አለ፤ መድኃኒትም አለው። በዘገየን ቁጥር ግን አእምሮዋ ይጎዳል።»

«ሰዉስ ምን ይላል? የተባረከችውን በሽተኛ አደረጋት ቢለኝ?»

«ሰዉ ይናገራል። እሷ ግን ሳትናገር ልትቀር ትችላለች።»

ሐጂ ተነሡ። «ጣይባ! ልጅሽን እቀፊ፤ ናይሮቢ እንሄዳለን!»

«ዱዓ ሊያስደርጉ የመጡት ሴቶችስ?» አለች ጣይባ ከጓዳ።

«ልጆቻቸውን ይዩ በያቸው። ዱዓውን አውቶቡስ ላይ አደርሳለሁ።»

ምርመራው ኢክራን ያለችውን አረጋገጠ፤ መድኃኒቱም ተጀመረ። ይህ ሕመም ሁሉንም እኩል አይለቅም፤ በቶሎ የታከመ ግን ተስፋው ይሰፋል። አንባቢ ሆይ፣ ሕፃንህ በተለይ ከእንቅልፉ ሲነቃ አንገቱን ደጋግሞ ከደፋ፣ ክንዱን ከዘረጋ፣ የለመደውን ሳቅ ከተወ፣ ቀርጸኸው ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሩጥ። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚልህን ሰው ጆሮ አትስጠው፤ የሚጠፋው ጊዜ የሕፃንህ እንጂ የእሱ አይደለም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ዐፋፍ ነቃች። ሐጂ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። አንገቷ አልተደፋም። ለአፍታ፣ አላህ ይቅር ይበላቸውና፣ ስግደቷ ናፈቃቸው። ከዚያ ዓይኗ ፊታቸው ላይ ዐረፈ፤ እዚያውም ቆየ።