«ልግለጥዎት?» የማይል ዓይን

በቤታችን የካሜራና የስልክ ነገር የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ባቆምም፣ አልጋ ላይ የዋለችውን አያቴን ቤተሰቡ ሁሉ በስልኩ እንዲያያት ካሜራውን በሩብ ሰዓት የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ያልመረቀኝ የለም።

ትናንት ግን ቀጥረን ያመጣናትን የአያቴን አስታማሚ ደረጃው ላይ አገኘኋት። በሥራ ሰዓት ቦርሳዋን አንግታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ወደ ቤቴ! እማማ ካሜራው እያየ ገላዬን አትንኪ ካሉ ሦስት ቀናቸው። አጎትሽ ደግሞ ‹ለምን አላጠብሻትም? እያየሁሽ ነው› ይሉኛል።»

«ለደህንነቷ እኮ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ አንሶላ ሳነሳ ‹ልግለጥዎት?› እላለሁ። ‹እሺ› ካላሉኝ እጄ አይንቀሳቀስም። የእናንተ ካሜራ አንድ ቀን ጠይቋቸዋል?»

እውነቷን ነው! ደሜ ፈላ። ሰው ሲታመም ገላው የቤተሰብ ንብረት ይሆናል እንዴ! እጇን ይዤ ሽቅብ መለስኳት።

አጎቴ ሳሎን ተቀምጧል። እናቱ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ፣ እሱ በስልክ ያያታል!

«ጋሼ፣ ስትታጠብ ልይህ?»

«ምን አልሽ? አንቺ ምላሳም!»

«በስልክ ነዋ፤ ሳሙና ያዳልጣል ብዬ።»

«እኔ ጤነኛ ነኝ!»

«ሰው ሲታመም እፍረቱም አብሮ ይሞታል?»

«ብትወድቅስ? ይቺ ሴትዮ ብትመታትስ? ስንት ጉድ እንሰማ የለ!»

ፍርሃቱ እንኳ ከንቱ አይደለም። አስታማሚዋ ግን ቀና ብላ መለሰችለት።

«ከጠረጠሩኝ በሩ ያውልዎት፤ በፈለጉ ሰዓት ይግቡ። ስልክ ግን ይጠፋል፣ ይሰረቃል። የእናትዎ ገላ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ያውቃሉ?»

አጎቴ ስልኩን አየ። እናቱ አንሶላውን እስከ ፊቷ ስባ ተሸፍናለች፤ በዚያ ሙቀት! ስልኩን ጭኑ ላይ ደፋው።

«ለእሷ ብዬ ነበር... አውርጂው» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

እናንተም ቤታችሁ ታማሚ ያላችሁ ልብ በሉ! ካሜራው ሲወርድ አያቴ ራሷ የምትጫነው ደወል በእጇ ገባ፤ አጎቴም በእግሩ መጥቶ ሊጠይቃት ቃል ገባ፤ አስታማሚዋም ቦርሳዋን አስቀመጠች። መሣሪያ ታማሚን ያገልግል እንጂ አይሰልለው!

ደረቴን ነፍቼ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ።

«እማማ፣ ክብርሽን አስመለስኩልሽ!»

አያቴ አንሶላውን ከፊቷ ዝቅ አደረገች።

«ሰቃይዋም አንቺ፣ አውራጇም አንቺ! እኔን የምትጠይቂኝ መቼ ነው? በይ አሁን ውጪልኝ፤ ልታጠብ ነው።»