የአሥረኛው ቤት ፊርማ

አዛርያ ኪፒንግ የረግረጉን ቢጫ እንጆሪ የሚለቅምበትን ቦታ ለሚስቱ እንኳ አሳይቶ አያውቅም። ስለዚህ በነሐሴ አንድ ማክሰኞ ጧት ከኮረብታው ሲወርድ፣ አንዲት ሴት እዚያው ቦታው ላይ አጎንብሳ ስትለቅም ቢያገኛት ደሙ ፈላ።

"ማነሽ አንቺ? ከሰው ቦታ ምን ትሠሪያለሽ?"

ቀና አለች። የጎረቤቱ የጋርላንድ ልጅ ሎሬታ ናት። ከተማ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ የመንግሥት የድጋፍ ወረቀት ይዛ በየቤቱ ትዞራለች። ትናንት የእሱንም በር ስታንኳኳ፣ እሱ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳይከፍትላት ቀርቶ ነበር።

"ደህና አደሩ፣ አጎቴ አዛርያ? ቦታው የአያቴ መስሎኝ ነው።"

"አያትሽ የእንጆሪ ሌባ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና።"

"እሷም ስለ እርስዎ ልክ እንደዚህ ነበር የምትለው።"

ሳይወድ ሳቀ። መሳቁን ለመሸፈንም ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ። እሷም ከጎኑ ቀጠለች።

ኮድ የሚባለው ዓሣ አልቆ መንግሥት ባሕሩን ለአጥማጅ ከዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በእነሱ የወደብ መንደር ደግሞ ከዓሣ ሌላ ሥራ ኖሮ አያውቅም። አሁን መንግሥት፣ አሥር ቤት ከፈረመልኝ በመንደራችሁ አዳራሽ ትምህርት እከፍታለሁ፣ በገመድ ላይ የሚያድገውን፣ ሥጋው የሚበላውን ጥቁር ዛጎል ማርባት አስተምራለሁ፣ እስክትማሩም ደሞዝ እከፍላለሁ ብሏል። ዘጠኝ ቤት ፈርሟል። ቀኑ የሚያልቀው ዓርብ ነው።

"ትናንት እቤት ነበሩ አይደል?" አለች ሎሬታ።

"ነበርኩ። ድምፅሽንም ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ምን አደረግኩዎት?"

"አንቺ ምን ታደርጊኛለሽ፣ የኔ ልጅ። ወረቀቱ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ደሴታችን ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት መጣ። ይህን ያህል ቤት ደሴቱን ለመልቀቅ ከፈረመ መንግሥት ይረዳችኋል አሉን። ፈረምን። ከዚያ የእንጨት ቤታችንን በባዶ በርሜል አንሳፍፈን፣ በጀልባ ጎትተን እዚህ አመጣነው። እናቴ የገዛ ወጥ ቤቷ ባሕር ላይ ሲሄድ ከዳር ቆማ አየች። ዛሬም ያው ነው፤ ቤት ይቆጠራል፣ ፊርማ ይለቀማል። እኔ አሥረኛ አልሆንም። እኔ ካልፈረምኩ ማንም ከዚህ አይነሳም!"

ሎሬታ ባልዲዋን አስቀመጠች። ሰውየው በልበ ደንዳናነት ሳይሆን መንደሩን አድናለሁ ብሎ ነበር በሩን የዘጋው። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ባለሥልጣኖቹማ "አሮጌ ግትር" ብለው መዝግበውት አልፈዋል፤ ያልተማረን ሰው ምክንያት አለው ብሎ የሚጠረጥር የት ይገኛል!

"አጎቴ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው" አለች ቀስ ብላ። "አሥር ካልሞላ ትምህርቱ የሚሰጠው ከተማ ነው። ሰው ወደዚያ ይሄዳል፣ ከሄደም አይመለስም። አባቴ አሥር አይሞላም ብሎ ከወዲሁ ዕቃውን መኪና ላይ ጭኗል። ቅዳሜ ይነሳል።"

"ጋርላንድ? ለኔ ምንም አላለኝም!"

"አፍሮ ነው። ለእርስዎ ምን ብሎ ይንገርዎት?"

አዛርያ ወደ ጋርላንድ ቤት አቅጣጫ ዞሮ አየ። ከጋርላንድ ጋር አርባ ዓመት በአንድ መረብ ሠርተዋል።

"ቢሆንም ምጽዋት አልበላም" አለ። "እጄ አልተቆረጠም።"

"ዓሣውን እርስዎ ነዎት የጨረሱት?"

"እኔ? በአንዲት ጀልባ? ፋብሪካ የሚያካክሉት መርከቦች ናቸው እንጂ፣ ባሕሩን ከሥሩ ገፈው የወሰዱት!"

"ፈቃዱን ማን ሰጣቸው?"

"መንግሥት ነዋ!"

"እንግዲያው አጥርዎን ያፈረሰ ሰው ልጠግንልዎ ብሎ ሲመጣ ምጽዋት ነው ይሉታል?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ የአያትሽ ነው" አለ። "በይ አምጪው። አንብቢልኝ። ሁሉንም።"

ከኪሷ አውጥታ አነበበች። ሲያልቅ ልታጥፈው አለች።

"ቆይ፣ ከታች ያለው ትንንሹስ?"

"እሱ የተለመደ ነገር ነው።"

"የተለመደውን ነው የምፈራው።"

አነበበችው። "ሠልጣኙ ሥራ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ሄዶ ለመሥራት ይስማማል" ይላል። ሎሬታ ፊቷ ቀላ። ለዘጠኝ ቤት ስታነብ ያቺን መስመር ዘልላ ነበር። የተማረ ሰው ትንንሹን ፊደል ሲዘል ይታያል፤ ፍዳው የሚደርሰው ግን ባልተማረው ላይ ነው።

"አየሽ?" አለ አዛርያ፤ ግን አልፎከረም።

"አየሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይህ ሳይወጣ እንዳይፈርሙ።"

እንጆሪውን እዚያው ትታ በመንደሩ ሱቅ ወዳለው ስልክ ሮጠች፤ አዛርያም ተከተላት። ቢሮው መጀመሪያ "ቅጹ ለሁሉም አንድ ነው" አላት። ሁለተኛ ስትደውል "ኃላፊው የሉም" አላት። በሦስተኛው አዛርያ ስልኩን ነጠቃት።

"ስማኝ ጌታዬ፣ አሥረኛው እኔ ነኝ። መስመሯ ካልወጣች አሥርም የለህም፣ ትምህርት ቤትም የለህም።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዲስ ወረቀት መጣ። ያቺ መስመር በሌላ ተተክታለች፦ "ሠልጣኙ በመንደሩ ይሠራል።" አዛርያ ሁለት ጊዜ አስነብቦ ፈረመ። ከዚያ ዘጠኙም ቤቶች አዲሱን እንዲፈርሙ ከሎሬታ ጋር በየበሩ ዞረ። ጋርላንድ መኪናውን ሲያራግፍ አግዞት፣ "ዕቃህ በዛብህ" እያለ ቀለደበት።

ጥቅምት ላይ አዳራሹ ተከፈተ። ከከተማ የተላከው መምህር ጫማው ገና የሱቅ ሽታ ያለው ነበር። ስለ ገመድ ሲያስረዳ ቋጠሮው ተፈታበት። አዛርያ ተነስቶ፣ "ቁጭ በል ልጄ፣ አንተ ስለ ዛጎሉ ንገረን፣ ገመዱን ለኛ ተው" አለው። መምህሩም ብልህ ነበርና ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የገመዱን ክፍል አዛርያ ያስተምራል፤ ለዚህም ደሞዝ ተቆረጠለት።

ሁለት ዓመት አልፎ የመጀመሪያው ዛጎል ከባሕር ወጥቶ ተሸጠ። ለቆ የሄደ የለም፤ በአሥሩም ቤት ማታ መብራት ይበራል። ሊዘጋ የነበረው የልጆች ትምህርት ቤት አልተዘጋም፤ ሁለት ቤተሰብ ከሩቅ ተመልሷል፤ ሎሬታም ቅጽ ስታነብ ከታች ትጀምራለች።

ከወዲያኛው ወደብ ሰዎች እየመጡ አዛርያን ይጠይቁታል፤ እነሱም የዓሣ ፋብሪካቸው ተዘግቶ ወረቀት ደርሷቸዋል።

"መንግሥትን እንመነው ወይ፣ አጎቴ?"

"እኔ መቼ አመንኩት!" ይላቸዋል። "ወረቀቱን አስነበብኩት፣ አሳረምኩት፣ ከዚያ ፈረምኩ። እናንተም በራችሁን አትዝጉ። ክፈቱና ተከራከሩት።"