በሕግ የሚቆረጥ እንጀራ

ወደ ዘንዘልማ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ አንዲት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛና አንድ መሪጌታ ተቀምጠው ነበር። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ወሬውን እሷ ጀመረችው።

«የኔታ፣ የትናንቱን የቀበሌ ስብሰባ ሰሙ?»

«አልሄድሁም፤ ተማሪዎቼን ሳስተምር ዋልሁ። ምን ተባለ?»

«ሕግ ሊወጣ ነው። ሥራ ያለውም የሌለውም፣ ሰው ሁሉ በየወሩ መተዳደሪያ ይቆረጥለታል አሉ ጓድ ሊቀ መንበሩ።»

«ሰው ሁሉ?»

«ሰው ሁሉ! ያለ ልዩነት!»

«እሰይ! እንግዲያው እኔም አለሁበታ።»

«እርስዎማ ስብሰባ ቀርተዋል። የቀረ ሰው የዚህን ወር ስኳር ከኅብረት ሱቅ አያገኝም ተብሏል።»

«ያለ ልዩነት አላልሽም?»

«እሱ ሕጉ ሲወጣ ነው፣ የኔታ። እስከዚያው በልዩነት ነው።»

«ብዙ ተነጋገራችሁ?»

«አራት ሰዓት ሙሉ። ሦስቱን አጨበጨብን።»

«ተማሪዎቼ አኮፋዳቸውን ይዘው በየደጁ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ሲሉ ቁራሽ ይሰጣቸዋል። ስብሰባ ነበርህ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም።»

«ሕግ ስላልወጣለት ነዋ!»

ከስብሰባው የቀሩትን ሰዎች ስም የጻፍሁበት ደብተር ጭኔ ላይ ነበርና ቀስ ብዬ በጋቢዬ ሸፈንሁት።