ዶሮ የነቆራት ልጅ

(አዳማ፣ ረፋድ ላይ። የሳሙና ማስታወቂያ የምትሠራው ቤዛዊት አፏንና አገጯን በጭምብል ሸፍና ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች፤ ያሳደጓት አያቷ እማዋይሽ የኮምፒውተሩን ብዕር መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው በሩ ላይ ቆመዋል።)

ቤዛዊት፦ እቴቴ፣ ብዕሩን ስጪኝ! በእመቤቴ!

እማዋይሽ፦ አልሰጥም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም? ዛሬ ሞኟ እኔ ነኝ።

ቤዛዊት፦ የሚያሠራኝ ሰውዬ ስድስት ሰዓት ላይ ይከፍተዋል። ከዚያ በፊት አስተካክዬ መልሼ ካልላኩለት ቋሚ ቅጥሩ ቀረ፤ በቃ!

እማዋይሽ፦ ምኑን ነው የምታስተካክዪው?

ቤዛዊት፦ ምኑን? ይህን ሁሉ ጊዜ የደከምኩባት ልጅ አፍንጫ ላይ ጥቁር ነገር የለደፈው ማነው? ሳላይ ላክኩት እኮ!

እማዋይሽ፦ አፍንጫዋ ላይ? እኔ በዚህ ብዕርሽ ጥላሸት ያደረግሁላት ግንባሯ ላይ ነው።

ቤዛዊት፦ አመንሽ!

እማዋይሽ፦ መቼ ካድሁ? አንቺ ገላሽን ስትታጠቢ ቁርስሽን ይዤ ብገባ ምን አየሁ? የልጄ ፊት እንደ በግ ቆዳ ተወጥሮ! ዓይን የነበረበት ቀዳዳ፣ አፍ የነበረበት ቀዳዳ፣ ጆሮዎቿ ወዲያና ወዲህ ተዘርግተው። እንደዚያ ተሰጥታ ግንባሯን ከአፍንጫዋ እንዴት ልለየው?

ቤዛዊት፦ ሥዕል እኮ ነው። ቆዳዋ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሠራል፤ ኋላ ጭንቅላቷ ላይ ይለበጣል። ይኸው፣ እዚህ ጋ ያለችው መላጣዋ ልጅ ለብሳዋለች።

እማዋይሽ፦ እኔ ቆዳ ሲዘረጋ የማውቀው በበዓል ማግስት ነው። «ቆዳ ያለው!» እያለ የሚዞረው ሰውዬም ቢሆን በጉ ከተበላ በኋላ ነው የሚመጣው። አንቺን ማን በላሽ?

ቤዛዊት፦ ማንም አልበላኝም!

እማዋይሽ፦ ቆዳ ተወደደ ቢሉት በሬውን አረደ አሉ። ቆዳም እኮ አልተወደደ! የፋሲካውን በግ ቆዳ የሚወስደው አጥቼ ለውሻ ነው የወረወርሁት።

ቤዛዊት፦ ቆይ፣ የእኔ ቆዳ መሆኑን በምን አወቅሽ? ፀጉር የላት፣ ዓይኗ የእኔ አይደል፣ አፍንጫዋ የእኔ አይደል።

እማዋይሽ፦ በእጄ እያጠብሁ ያሳደግሁትን ቆዳ አጣዋለሁ? ከጆሮሽ ሥር ማርያም የሳመችሽ አለች። እዚያም አለች።

ቤዛዊት፦ ልትቀረጽ የነበረችው ልጅ ቀረች። ሰውዬው «ያንቺ ቆዳ ይሆናል» አለኝ። ካሜራ ፊት ተቀመጥኩ፤ ሳልስቅ፣ ሳልኮሳተር። በቃ ይኸው ነው።

እማዋይሽ፦ ከዚያ ወዲህ ነዋ ያልሳቅሽው።

ቤዛዊት፦ እቴቴ!

እማዋይሽ፦ ደግሞ ሌላ ግራጫ ቆዳ አየሁ። እሱስ የማነው?

ቤዛዊት፦ የእሷው ነው። ቀለሟ ለብቻ፣ የቆዳዋ ሸካራነት ለብቻ፣ ወዟ ለብቻ ነው የሚሠራው። ብርሃን ሲያርፍባት የቱ ጋ እንደምታብለጨልጭ ኮምፒውተሩ እንዲያውቅ።

እማዋይሽ፦ ወዝሽን ለብቻው አወጡት! እኔ ደግሞ ይህች ልጅ ምን ነክቷት ጠወለገች እያልሁ ጠበል ልወስድሽ ነበር። ለካ ወዝሽ እዚህ ሣጥን ውስጥ ኖሯል!

ቤዛዊት፦ ኧረ በፈጠረሽ! ጥላሸቱስ ምን ይሠራላታል?

እማዋይሽ፦ አደባባይ ላይ ልትሰቀል አይደል? ፎቅ በሚያክል ስክሪን ይህን የመሰለ ፊት ለመንገደኛ ሁሉ ስታሳዪ ዓይን አይበላትም? አንቺን በሕፃንነትሽ ግንባርሽን ጥላሸት ሳልቀባ ከደጅ አውጥቼሽ አላውቅም። «ምን አስቀያሚ ናት!» እያልሁ ነው ያሳደግሁሽ።

ቤዛዊት፦ መቼ ረሳሁት። እስከ ስምንተኛ ክፍል እውነትሽን መስሎኝ ነበር።

እማዋይሽ፦ ታዲያ ዓይን በላሽ?

ቤዛዊት፦ የሚበላ ነገር እንዳለኝስ ማን ነገረኝ?

እማዋይሽ፦ ይህን ጨርቅሽንም አውልቂው። ኮሮና ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ ስንት ዘመኑ!

ቤዛዊት፦ ጉንፋን ይዞኛል።

እማዋይሽ፦ ጉንፋን የያዘው ያስነጥሳል። አንቺ ግን ምሳሽን እንኳ ግድግዳ እያየሽ ነው የምትበዪው። እንደ ተቀጣ ተማሪ!

ቤዛዊት፦ ብዕሩን፣ እቴቴ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

እማዋይሽ፦ ጠባሳውስ የታለ?

ቤዛዊት፦ የቱ ጠባሳ?

እማዋይሽ፦ የዶሮው ነዋ! አገጭሽ ላይ ያለው። ያን ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ዞርሁበት። ማርያም የሳመችሽ አለች፤ ዶሮው የነቆረሽ የለም።

ቤዛዊት፦ አጠፋሁት። የሳሙና ልጅ ናት፤ እንከን አይኖርባትም። ሰውዬው ራሱ... ካሜራው ፊት እንደተቀመጥኩ «ቆዳሽስ ግሩም ነው፤ አገጭሽን ግን እንደብቀዋለን» አለ። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ።

እማዋይሽ፦ እህ። ከዚያ ጨርቅ ገዛሽ።

ቤዛዊት፦ ጉንፋን ነው አልኩሽ።

እማዋይሽ፦ ለዚያ ጠባሳ እኮ ያን የመሰለ ቀይ አውራ ዶሮ ታርዷል! በጾም ነው ያሳረድሁት። የንስሐ አባቴ እስከ ዛሬ ያነሡብኛል። አንቺ እንደ ዝንብ እሽ ብለሽ አባረርሽው?

ቤዛዊት፦ ወይኔ፣ ስልኩ! እሱ ነው። ጉዴ ፈላ። ሄሎ... አቤት ጌታዬ... ከፈቱት?

እማዋይሽ፦ ምን አለ?

ቤዛዊት፦ ዝም በይ!... ኧረ እርስዎን አይደለም ጌታዬ!... አፍንጫዋ ላይ፣ አዎ፣ እሱማ ስሕተት... አቤት?... አልገባኝም... ወደዱት?

እማዋይሽ፦ ማነው የወደዳት? የማን ቤተሰብ ነው?

ቤዛዊት፦ እሺ... ማን አሰበው? እ... አንድ አማካሪ አሉኝ... አዎ ጌታዬ፣ ልምድ ያላቸው ናቸው። በጣም የቆዩ ናቸው... እሺ፣ ዛሬውኑ ጨርሼ እልካለሁ። ደኅና ይዋሉ።

እማዋይሽ፦ «የቆዩ» ስትዪ? እንደ ቅቤ?

ቤዛዊት፦ እቴቴ፣ አታምኚኝም! ንጹሕ ልጅ ስትታጠብ እያየ የሆነ ነገር ጎድሎት ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀውም። አሁን ቆሸሸች፤ ሳሙናው ሥራ አገኘ! መጀመሪያ ከነጥላሸቷ ብቅ ትላለች፤ ከዚያ ታጥባ ትጸዳለች።

እማዋይሽ፦ ታጥባ? እኔ የቀባሁላትን ሕዝብ እያየ ሊያጥቡባት? በየቀኑ?

ቤዛዊት፦ እንዲያውም በየሰዓቱ።

እማዋይሽ፦ ፊቷ ሊላጥ ነው! እንግዲያማ ብዕሩን ጭራሽ አታገኚውም።

ቤዛዊት፦ አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ? ተወደደ እኮ! ትንሽ ጠርዙን ላለስልስና ልላከው።

እማዋይሽ፦ ጥላሸቱ ከታጠበ በኋላ ማን ይጠብቃታል? ሳሙና የማያስለቅቀውን መልሺላት። የዶሮውን።

ቤዛዊት፦ እሱን ተይው።

እማዋይሽ፦ መናኸሪያ የጠፋሽ ዕለት ትዝ ይልሻል?

ቤዛዊት፦ አልጠፋሁም። ሸንኮራ አገዳ ሻጩን ተከትዬ ነው።

እማዋይሽ፦ ጠፍተሻል። አገር ይያዝ ብዬ ስጮህ ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ «ምልክቷ ምንድን ነው?» አለኝ። ቢጫ ቀሚስ እንዳልለው የዚያን ቀን የሰው ልጅ ሁሉ ቢጫ ለብሶ ነው የወጣው። «አገጯን ዶሮ የነቆራት» አልሁት። በሳቅ ፈረሰ። ግን ለፈፈው! ያ ሁሉ መንገደኛ ጓዙን መሬት ጥሎ ያገኘውን ሕፃን አገጭ ቀና ያደርግ ጀመር።

ቤዛዊት፦ አንድ የሐረር መኪና ሾፌር ነው ያገኘኝ። አገጬን ይዞ «ባለ ዶሮዋ ይህችውና!» ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ ሁሉ አጨበጨበልኝ።

እማዋይሽ፦ ይህችስ መላጣ የጠፋች ዕለት ምን ተብሎ ይለፈፋል? «ምንም የሌላት ልጅ» ተብሎ?

ቤዛዊት፦ ፋይል ናት እኮ፣ እቴቴ። ፋይል አይለፈፍም።

እማዋይሽ፦ «ፋይሌ ጠፋ!» ብለሽ በቀደም ለታ ማነው እዬዬ ያለው? ጎረቤቶቻችን እነ ወይዘሮ ሽታዬ ሰው የሞተብን መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልመጡም?

ቤዛዊት፦ ሰውዬው ቢያየውስ?

እማዋይሽ፦ ጥላሸት ተለድፎባት የወደዳት ሰው በዶሮ ይጠላታል?

ቤዛዊት፦ ቢጠላትስ? ሰው ሁሉ ፊት ደግሞ ቢናገርስ?

እማዋይሽ፦ ያኔ «አማካሪዬን ያነጋግሩ» በዪው። የቆዩ ናቸው በዪው።

ቤዛዊት፦ ...ከዋናው ፎቶ ላይም ፍቄዋለሁ። ይመለስ ቢባል እንኳ ፎቶው እንደ አዲስ መነሣት አለበት።

እማዋይሽ፦ ይነሣዋ!

ቤዛዊት፦ እንግዲያው ያን መብራት ያዢልኝ። ጠጋ አድርጊው። ወደ አገጬ።

እማዋይሽ፦ ጨርቅ ላይ ላብራ?

ቤዛዊት፦ ...ይኸው፣ አወለቅኩት። እንደዚያ አፍጥጠሽ አትዪኝ እንጂ!

እማዋይሽ፦ እንትፍ፣ እንትፍ! ምን አስቀያሚ ናት እናንተዬ!

ቤዛዊት፦ እቴቴ፣ አታስቂኝ! ቆዳ ሲነሣ አይሳቅም... ኧረ ተይ! ጠባሳው ተሸበሸበ!

እማዋይሽ፦ ይሸብሸብ። እኔ የማውቀው ሲሸበሸብ ነው። በይ እንደሳቅሽ አንሺው፤ ብዕርሽንም እንኪ።