ሰላሳ ልጅ በአንድ ሆድ

ጋሽ ኤርካሎ፣ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ እንኳን አርፈው ይቀመጡ፤ ላቦራቶሪውን ቆልፈንብዎታል።

ከቦምቤ ተዛውረው የመጡ ቀን ትዝ ይላችኋል? ካርቶን አቅፈው ከሞተር ወረዱ። ጥበቃችን ቦልቴ ቅቤ መስሎት በሁለት እጁ ተቀብሎ ኃላፊያችን አቶ መልካሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አቶ መልካሙም ፈገግ ብለው ከፈቱት። አርባ ብልቃጥ የተማሪ ሰገራ!

እኚህ ሰው ሰላም ከማለታቸው በፊት ጥፍር ያያሉ። ሰርግ ላይ የድግሱ ምግብ ሙቿው ቀርቦ ገና ሳንጎርስ ስለ ወስፋት ርዝመት ይጀምራሉ። ወላሂ፣ አንድ ሙሽራ ከነሚዜው ጦሙን አድሯል።

በዴሳ አካባቢ ካለ ትምህርት ቤት የመጣውን ናሙናስ? ልጆቹ አፍረው፣ አንዱ ጎበዝ ለሰላሳው አካፍሏቸዋል። እኔ ሪፖርት የምሞላው፣ «ያው ነው፣ አስገቡት» አልኩ።

«ፈቲያ፣ ሰላሳ ልጅ አንድ ሆድ ነው እንዴ ያለው?» ብለው በዝናብ ተመልሰው ሄዱ። እኛ ሻይ ጠጣን።

የከተማውን ልጅማ ማንም አይመረምረውም ነበር። በየዓመቱ «ሶዶ፣ ዜሮ» ብዬ እሞላለሁ። የከተማ ልጅ ጫማ አለው፣ ቧንቧ አለው፣ ምን ትል ይይዘዋል? እሳቸው ግን ሳንልካቸው የእኛው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ገቡ። ልጄ ዱንያ ወስፋት ተገኘባት።

«የገጠር ልጅ ናሙና ተቀላቅሎ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ነይ፣ በማይክሮስኮፑ ራስሽ እይው» አሉኝ። አየሁት።

ዓመት ሙሉ ሆዴን ስትለኝ «ትምህርት ጠልተሽ ነው» እያልኩ ስቆጣት የኖርኩ እናት ነኝ። ዛሬ ልጄ ደህና ናት። ያኔ አፍሬ ያላልኩትን አሁን ልበል፤ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጣም አመሰግናለሁ።

በሚቀጥለው ወር የትል መድኃኒት ለተማሪዎች ይታደላል። ዝርዝሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የሶዶ ትምህርት ቤቶች ዘንድሮም የሉበትም። አቶ መልካሙ «ቶሎ ፈርሚ» ብለውኛል። ጋሽ ኤርካሎ ከሰኞ ጀምሮ ስለሌሉ የሚከራከር የለም ብለው ይሆናል።

እነሱ ሳይገቡ አልፈርምም።

በሉ ለስላሳችሁን አንሱ። ለጋሽ ኤርካሎ ጤና፣ ዕድሜና ሰላም ያለው ጡረታ! አቶ መልካሙ፣ ምነው ብርጭቆዎን አስቀመጡት? ያንሱ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው።