ስለ ስድስተኛው ሳጥንና አጠገቡ ስላለው የእጅ መታጠቢያ የተሰጠ ቃል

የምስክሯ ስም፦ በታሸገ ቅጽ ተይዟል
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ የሆስፒታል ጽዳት
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ባለ ሦስት ፎቁ ሕንጻ፣ ምድር ቤት
ቃሉ የተሰጠበት፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ከሁሉ በፊት ስለ ጎረቤቴ ስለ ልብስ ሰፊዋ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ከእሷ ነው የሚጀምረው። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ማለዳ ደም ግፊቷ ተነስቶባት ወደቀች። ሴት ልጇ አራስ ናት፣ ወንዱ ሩቅ አገር ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። አሁን ተሽሏታል፣ እንዲያውም መስፋት ጀምራለች። እኔ ግን የዚያን ቀን ሥራ የገባሁት 3፡10 ላይ ነበር።

የማጸዳው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕጻናት የሚታከሙበትን ጽኑ ሕክምና ክፍል ነው። ስምንት የማሞቂያ ሳጥኖች አሉት። ሰኞ ሰኞ በ3 ሰዓት የላብራቶሪው ባለሙያ ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው እንጨት ከእጅ መታጠቢያውና ከበሩ እጀታ ናሙና ይወስዳል፤ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ነው። እኔም እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳ የለም ወይ ብዬ፣ ሁልጊዜ 2፡30 ላይ የመታጠቢያውን ቀዳዳ በበረኪና አጥብ ነበር። በሌላው ቀን በሳሙና ብቻ ነው። ያዘዘኝ የለም። ውጤቱ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ «ንጹህ» እያለ መጣ። ባለሙያውም «እትዬ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ሥራ መፍታቴ ነው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

በእነዚያው ሳምንታት ከመታጠቢያው አጠገብ ባለው ስድስተኛ ሳጥን ሦስት ሕጻናት ተከታትለው ሞቱ። መድኃኒቱ አልሠራላቸውም። ሳጥኑን ፈታትተን አጠብን፣ ፍራሹን ቀየርን፤ የሚቀጥለውም ሕጻን እንደዚያው ቀዘቀዘ። እኔ ራሴ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ፣ መታጠቢያው አንድ ነገር እንደሚውጥ ሰው ጉሮሮ ድምፅ ሲያሰማ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም።

ጎረቤቴ የወደቀችበት ሰኞ ግን እኔ ሳልደርስ ናሙናው ተወስዷል። ሐሙስ ውጤቱ ሲመጣ፣ ሕጻናቱን የገደለውና መታጠቢያው ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ አንድ ሆነ። መታጠቢያው ተዘጋ። ባለሙያው ግን የቀድሞውን ውጤት በሐሰት ጽፏል ተብሎ ከትናንት በስቲያ ተያዘ። አልዋሸም። ያገኘውን ነው የጻፈው፤ ከናሙናው በፊት በበረኪና እያጠብኩ እንዳያገኝ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህንኑ እሱ በተያዘበት ዕለት ለዋና ነርሷ ነገርኳት፤ እዚህም የመጣሁት በራሴ ፈቃድ ነው።

ትናንት 11 ሰዓት ላይ የሦስተኛው ሕጻን እናት ሰምታ ኖሮ ቤቴ መጣች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ወንበር ሰጠኋት። አልተቀመጠችም። እጆቿን አየት አድርጋ፣ «እትዬ፣ ልጅሽን ከማቀፍሽ በፊት እዚያ መታጠቢያ ላይ ታጠቢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች። አዎ አልኳት። «ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የምታጠበው» ብላኝ ወጣች።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልተናገርኩት አልገባበትም፣ የተናገርኩት አልቀረም፣ እውነት ነው ስል ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________