የሉባባ ባሕር

(ደሴ፤ የጋሽ ይማም ፎቶ ቤት። የፎቶ አጣቢዋ ሉባባ፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ የጋሽ ይማምን ካሜራ ተውሳ ከአክስቷ ጋር አራስ ልትጠይቅ ምጽዋ ሄዳ ትናንት ተመልሳለች። ያጠበቻቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች ነው።)

ሉባባ፦ ይበሉ እንግዲህ፣ ካሜራውን ይሰናበቱት ጋሼ። ባሕሩን ከነማዕበሉ አጥምጄ ነው የመጣሁት።

ጋሽ ይማም፦ ቀስ በይ። ምን ነበር የተባባልነው?

ሉባባ፦ መስኮት ላይ የሚሰቀል አንድ የባሕር ፎቶ ካመጣሽ ካሜራውን ይዘሽ ገበያ ለገበያ እየዞርሽ ታነሻለሽ፤ ካላመጣሽ እዚሁ ሳፋ ላይ ታጎነብሻለሽ ብለውኛል። እኔማ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የት እንደምቆም ሁሉ መርጫለሁ።

ጋሽ ይማም፦ ቀድመሽ ቆመሻል። እስቲ አምጪው። ይህ ምንድን ነው? ፊልሙን ብርሃን አገኘው?

ሉባባ፦ ባሕር ነው።

ጋሽ ይማም፦ ይህኛውስ?

ሉባባ፦ እሱም ባሕር ነው። በሌላ በኩል።

ጋሽ ይማም፦ ባዶ ወረቀት እኮ ነው የሰጠሽኝ።

ሉባባ፦ ዝናብ ነበራ! ሰማዩና ውኃው አንድ ላይ ተደበላልቀው፣ የት ጋ እንደሚጀምር ባሕሩ ራሱ አያውቅም።

ጋሽ ይማም፦ በታኅሣሥ ዝናብ? ሰው እህል በሚወቃበት ወር?

ሉባባ፦ እኔም ለአክስቴ እንደዚሁ ብያት፣ የዚህ አገር ክረምት አሁን ነው፣ ዝም ብለሽ ልብስ አስገቢ አለችኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ወላሂ! ግን እንደ ደሴ ዝናብ አጥንት ድረስ አይገባም፤ ለብ ያለ ነው። ሰዉም አይሸሸውም። ይሄን ሰውዬ ይዩት፣ አሸንዳ ሥር ቆሞ በሳሙና ሲታጠብ። ሱሪውን አላወለቀም፣ አብሮ አጠበው።

ጋሽ ይማም፦ አስፈቅደሽዋል?

ሉባባ፦ በጀርባዬም አንሺኝ፣ እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም አለኝ።

ጋሽ ይማም፦ እዚህ ጋ ሸራ ይዘው የሚሯሯጡትስ?

ሉባባ፦ ጨው ነጋዴዎች ናቸው። ክምሩ እየሟሟባቸው ነው። አንዱ ዝናቡን ሲራገም፣ ያ ሳሙና የያዘው ሰውዬ ደግሞ ካጠገቡ ሆኖ አልሐምዱሊላህ ይላል። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።

ጋሽ ይማም፦ ይህ ሁሉ አልጋ ምንድን ነው? ቤት ተቃጠለ?

ሉባባ፦ ኧረ አልተቃጠለም። ሙቀት የለመደ ሰው ደጅ ነው የሚተኛው። ንጋት ላይ ዝናቡ ሲወርድ መንደሩ በሙሉ አልጋውን ተሸክሞ ይሮጣል። የፊተኛዋን አሮጊት አዩዋት? ባሏ አልነቃ ቢላት ከነአልጋው እየጎተተችው ነው።

ጋሽ ይማም፦ አንድ እግሩ ጭቃው ላይ ይጎተታል እኮ።

ሉባባ፦ ያኔም አልነቃም።

ጋሽ ይማም፦ ሌንሱን ጉም እንዴት አልያዘብሽም?

ሉባባ፦ በሻሼ ጫፍ እየጠረግሁ ነዋ። አክስቴ ፀጉርሽ ራሰ ብላ ስትጮህ፣ ፀጉሬ ይደርቃል፣ ይሄ አሮጊት ግን አትመለስም አልኳት።

ጋሽ ይማም፦ ሉባባ።

ሉባባ፦ አቤት?

ጋሽ ይማም፦ ይህን ነው መስኮቱ ላይ የምሰቅለው። ባሕር ባይሆንም ይሁን። ሰኞ ካሜራውን ይዘሽ ባቲ ሂጂ።

ሉባባ፦ በአልጋ? አይሆንም ጋሼ! ምጽዋ ሄዳ አልጋ አንስታ መጣች ሊሉኝ? ዋናውን እኮ ገና አላዩትም። ለመጨረሻ ብዬ ደብቄው ነው። ይኸው፣ ባሕር ማለት ይሄ ነው! አሮጊቷን ጥግ ላይ ያድርጓትና ይሄን መሃል ይስቀሉት።

ጋሽ ይማም፦ ... መቼ አነሳሽው?

ሉባባ፦ በስድስተኛው ቀን። ልንመለስ ስንል ፀሐይ ለአፍታ ብቅ አለች።

ጋሽ ይማም፦ የት ቆመሽ?

ሉባባ፦ ወደቡ ጫፍ ላይ። ማዕበሉ እስከ ጉልበቴ።

ጋሽ ይማም፦ እዚህ ማዕበል የለም።

ሉባባ፦ ካሜራ ሲያይ ተኛ።

ጋሽ ይማም፦ ውኃው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መሥመርስ? የታጠፈ ጨርቅ ይመስላል።

ሉባባ፦ ባሕር ውስጥም እኮ ወንዝ አለ ይላሉ።

ጋሽ ይማም፦ መርከቡ ወደፊት እየሄደ ጭሱም ቀድሞት ይሄዳል።

ሉባባ፦ የምጽዋ ነፋስ ችኩል ነው።

ጋሽ ይማም፦ ዳር ላይ የቆመው አህያስ?

ሉባባ፦ ውኃ ሊጠጣ መጥቶ ነዋ።

ጋሽ ይማም፦ የባሕር ውኃ? ጨው የሆነውን?

ሉባባ፦ ለምዶታል።

ጋሽ ይማም፦ አንቺ ልጅ፣ የማን ፎቶ ቤት ገብተሽ ነው?

ሉባባ፦ ... ገበያው አጠገብ አንድ ፎቶ ቤት አለ። ፊልሙ ላይ የቀረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፣ ዝናቡም አላባራ አለ። የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ላይ ደግሞ ባሕር ተስሏል። ባለቤቱ ከሩቅ አገር የመጣ መጋረጃ ነው አለኝ። ግን እውነቴን ነው ጋሼ፣ የሳለው ሰው ባሕርን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ነው፤ ያስታውቃል።

ጋሽ ይማም፦ የሳልኩት እኔ ነኝ። ለነጋዴ ሸጬው ነው እዚያ የደረሰው። ባሕር በዓይኔ አይቼ ስለማላውቅ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን የሐይቅን ውኃ እያየሁ ሳልኩት፣ መርከቡን ከራሴ ጨመርኩበት። ባቲ ለጊዜው ይቅርብሽ፤ ሰኞ ካሜራውን ይዘሽ ሐይቅ ሂጂና ውኃውን ከነሕይወቱ አንሺልኝ። መስኮቱ ላይ አሮጊቷ ብቻ ትሰቀላለች። አንቺ ግን ምጽዋ ድረስ ሄደሽ የአጎቴን አህያ አንስተሽ መጣሽ።